ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፦ ረቂቁን ከመጨረሻው ገጽ ይጀምሩ

ጥያቄው፦ «ጎንደር ከተማ ውስጥ በክልሉ መንግሥት ሥር በሚተዳደር ኮሌጅ፣ በአስተዳደር ዘርፍ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ኮሌጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳድግ ሕግ እየተረቀቀ ነው ይባላል፤ ሠራተኛውም ለውይይት ሳይጠራ አይቀርም። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ስሙ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የሥራ መደቤ፣ ጡረታዬ፣ በክረምት የሚማሩት ሰልጣኞቻችን፣ ግቢው ራሱ ምን እንደሚሆን ነው። ጤና ኮሌጁም ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ማንም አልተጎዳም የሚሉኝ አሉ። ረቂቁ ሲደርሰን ምን ምኑን እንይ? ምን ቢጎድል ነው ዝም የማንለው?»

ምላሽ፦

ያሳሰበዎት ነገር ሊያሳስብ የሚገባው ነው፤ ስሙ ከሁሉም ቀላሉ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማቋቋሚያ ደንቦችን ጎን ለጎን አስቀምጠው ቢያነቧቸው የፊት ገጾቻቸው እጅግ ይመሳሰላሉ፦ አጭር ርዕስ፣ ትርጓሜ፣ መቋቋም፣ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ዓላማ፣ ሥልጣንና ተግባር፣ ቦርድ፣ ፕሬዚዳንት፣ ሴኔት፣ በጀት፣ የሂሳብ መዛግብት። የእርስዎ እንጀራ ያለው መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። «የተሻሩ ሕጎች»፣ «መብትና ግዴታ ስለማስተላለፍ»፣ «የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች»፣ «የሚጸናበት ጊዜ» የሚሉት አራት አንቀጾች ብዙውን ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጡም፤ የሠራተኛውም፣ የተማሪውም፣ የግቢውም ጉዳይ የሚወሰነው ግን እዚያ ነው። ረቂቁ ሲደርስዎት ከኋላ ወደ ፊት ያንብቡት።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይጣራ፦ የማን ዩኒቨርሲቲ ነው የሚሆነው?

የክልሉ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። በዚህ መንገድ የክልሉ ሕግ ይወጣል፣ በክልሉ የሕግ ጋዜጣ በዝክረ ሕግ ይታተማል፣ ሠራተኛው የክልሉ ሠራተኛ፣ በጀቱም የክልሉ በጀት እንደሆነ ይቀጥላል። ለሠራተኛው ሽግግሩ ቀላል ነው፤ ሸክሙ የሚያርፈው በክልሉ ካዝና ላይ ነው። የትምህርት ደረጃው ግን በክልሉ ፈቃድ ብቻ አይወሰንም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51(3) የትምህርትን አገር አቀፍ መስፈርት የማውጣት ሥልጣን የሰጠው ለፌዴራል መንግሥት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ፌዴራል መዞር ነው። ይህ በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የሚከናወንና በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣ ነው። «ፓርላማ ካላጸደቀው አይሆንም» ሲባል ከሰሙ አይደናገሩ። ፓርላማው አዋጁን አውጥቶ ደንብ የማውጣቱን ሥልጣን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰጥቷል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 77(13)ም የሚለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሚያልፈው በትምህርት ሚኒስቴር፣ በፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ምርመራና በሚኒስትሮች ምክር ቤት በኩል ነው። አስተያየት መስጠት የሚጠቅመው ረቂቁ ትምህርት ሚኒስቴር እጅ ሳለ ነው፤ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ከደረሰ በኋላ የሚቀየር ነገር ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር መዋሃድ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱና ከመምህራን ኮሌጁ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከግብርና ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ የተመሠረቱት በውህደት ነው። እነዚያ ግን ኮሌጆቹ ተጣምረው አዲስ ተቋም የፈጠሩበት ነበር። አንድ ኮሌጅ በነባር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንደ አንድ ካምፓስ ሲገባ ነገሩ ሌላ ነው፤ ኮሌጁ የራሱን የሕግ ሰውነት ያጣል። ረቂቁ ውስጥ «የ… ዩኒቨርሲቲ አካል ይሆናል» የሚል ሐረግ ካዩ እያነበቡ ያሉት የማሳደጊያ ሕግ ሳይሆን የመጠቅለያ ሕግ ነው።

አሁን ወደ ጤና ኮሌጁ፣ ማለትም ወደ ዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ልምጣ፤ ጎንደር ላይ ሁሉም የሚያነሳው ምሳሌ እሱ ነውና። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ተቋቋመ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ እገዛ ሐኪም ማሠልጠን ጀመረ፤ ከዚያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረበት ዘመን አለ። በ1995 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በ1996 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ2013 ትምህርት ሚኒስቴር ዩኒቨርሲቲዎችን በተልዕኮ ሲለይ ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ አድርጎ መድቦታል። ወደ ሃምሳ ዓመት በፈጀው በዚያ መንገድ ላይ ግን ተቋሙ አንድም ጊዜ ከክልል ወደ ፌዴራል አልተሻገረም፤ ሁልጊዜም የማዕከላዊው፣ በኋላም የፌዴራል መንግሥቱ ንብረት ነበር። በጀቱ ከዚያው ካዝና፣ ሠራተኛው በዚያው መንግሥት ሥር ስለነበር «መብትና ግዴታው ተላልፏል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር በቂ ነበረች። የእናንተ ኮሌጅ ወደ ፌዴራል የሚዞር ከሆነ የሚሻገረው ከአንድ መንግሥት ወደ ሌላ መንግሥት ነው። ለንጽጽር የሚቀርበው ኮተቤ ነው፤ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥር ኮተቤ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ሲባል ቆይቶ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ሲዞር ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለዚህ መሻገር ነው። ክልሉ ሥር የሚቀር ከሆነ አብዛኛው ስጋት ይቀልላል።

አንድ ሕግ አይበቃም

የፌዴራል ደንብ የክልል ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ መሻር አይችልም፤ የክልል ንብረትንም በአንድ አንቀጽ ወስዶ የራሱ ማድረግ አይችልም። ኮሌጁ በክልል ሕግ የተቋቋመ ከሆነ የሚሻረው በክልል ሕግ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰነድ ያስፈልጋል፦ በባሕር ዳር የሚወጣ የመሻሪያና የማስተላለፊያ ሕግ፣ በአዲስ አበባ የሚወጣ የማቋቋሚያ ደንብ። ነገሩ የሚበላሸው በሁለቱ ቀኖች መካከል ነው። የክልሉ መሻሪያ ቀድሞ ከጸና ኮሌጁ ሕጋዊ ሰውነቱን ያጣል፤ የደመወዝ ሰነድ ላይ የሚፈርም ባለሥልጣን፣ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ተከራካሪ፣ ጨረታ የሚያወጣ አካል አይኖርም። የፌዴራሉ ቀድሞ ከጸና ደግሞ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ተቋም ይቆማል፤ ሁለት ማኅተም፣ ሁለት ኃላፊ።

መፍትሔው ረጅም አይደለም። የክልሉ ሕግ «ኮሌጁን የሚያቋቁመው ሕግ ተሽሯል» ከማለት ይልቅ «ዩኒቨርሲቲውን የሚያቋቁመው የፌዴራል ደንብ ከጸናበት ቀን ጀምሮ ይሻራል» ካለ ክፍተቱ ይዘጋል። የክልሉን ረቂቅ ሲያገኙ መጀመሪያ የሚፈልጉት ይህንን ሐረግ ይሁን።

ቀጥሎ የሚጸናበትን ቀን ያዩታል። የተለመደው አጻጻፍ «በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል» የሚል ነው። ጋዜጣው ጥር ላይ ቢወጣስ? የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ጥር ላይ የተወለደ ዩኒቨርሲቲ ሰኔ ላይ በጸደቀው የፌዴራል በጀት ውስጥ ስሙ የለም፣ የበጀት ኮድ የለውም፣ ክፍያ የሚፈጽምበት የመንግሥት የባንክ ሂሳብ (ዜሮ ባላንስ) አልተከፈተም። ክልሉ ደግሞ «አሁን የእኔ አይደለም» ሊል ይችላል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 94(1) የፌዴራል መንግሥትና ክልሎች ለየራሳቸው ኃላፊነት የሚያስፈልገውን ወጪ በየራሳቸው እንደሚሸፍኑ ስለሚናገር ክርክሩ መሠረተ ቢስ አይሆንም። በመካከሉ የሚጎዳው የጥበቃና የጽዳት ሠራተኛው ነው፤ የወር ደመወዝ ሁለት ሳምንት ቢዘገይበት የሚያወጣው ቁጠባ የለውምና። ለዚህ ሁለት አማራጭ አለ። ወይ ደንቡ መቼም ይታተም የርክክቡ ቀን ሐምሌ 1 እንዲሆን መጻፍ፣ ወይም «እስከ በጀት ዓመቱ መጨረሻ የኮሌጁ ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ በክልሉ በጀት መሸፈኑን ይቀጥላል» ብሎ በሁለቱም ሰነድ ላይ ማስፈር። የመጀመሪያው ንጹሕ ነው። ግን የበጀት ጥያቄው ወራት አስቀድሞ ገንዘብ ሚኒስቴር ገብቶ መሰማት ስላለበት ረቂቁ ግንቦት ላይ ገና ውይይት ላይ ከሆነ ለዚያ ዓመት አይደርስም። እንዲያ ከሆነ ሁለተኛውን ይጠይቁ።

ሠራተኛው፦ «ተላልፈዋል» ወይስ «ይደለደላሉ»?

ሁለት ግሦች ናቸው፤ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። «የኮሌጁ ሠራተኞች ወደ ዩኒቨርሲቲው ተላልፈዋል» ማለት የሥራ ግንኙነቱ አልተቋረጠም፣ አሠሪው ብቻ ተቀየረ ማለት ነው። «የኮሌጁ ሠራተኞች ይደለደላሉ» ማለት ግን አዲስ መዋቅር ይሠራል፣ መደቡ ይታወጃል፣ እርስዎም ከሌላው ጋር ለመደቡ ይመዘናሉ ማለት ነው። «እንደ አግባብነቱ ይደለደላሉ» ከተባለ ደግሞ ይባስ፤ «እንደ አግባብነቱ» የምትለው ቃል ሳይመደብ የሚቀርም እንዳለ ትነግርዎታለች፤ ማን እንደሆነ ግን አትናገርም።

ድልድል ጨርሶ አይቀርም፤ ይህን ከወዲሁ መቀበል ይሻላል። የዩኒቨርሲቲ መዋቅር ከኮሌጅ መዋቅር ይለያል። በኮሌጁ አንድ ሰው የሚሠራው ሥራ፣ ለምሳሌ ግዥና ንብረት፣ በዩኒቨርሲቲው ሁለት ሦስት ክፍል ይሆናል፤ በዲፕሎማ ይያዝ የነበረ መደብ ዲግሪ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ትግሉ ድልድልን ለማስቀረት ሳይሆን ማስተላለፉ እንዲቀድም፣ ድልድሉ በኋላ እንዲመጣ ነው። አንቀጹ በሚከተለው ዓይነት ቢጻፍ አብዛኛው ቀዳዳ ይደፈናል፦

«የኮሌጁ ቋሚ ሠራተኞች ያላቸውን ደመወዝ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ ያልተጠቀሙበትን የዓመት ፈቃድና ሌሎች መብቶች እንደያዙ ይህ ደንብ ከጸናበት ቀን ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተላልፈዋል። ዩኒቨርሲቲው መዋቅሩ በጸደቀ በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ድልድል ያካሂዳል፤ በድልድሉ ምክንያት የማንም ሠራተኛ ደመወዝ አይቀነስም። ለመደቡ የሚጠየቀውን የትምህርት ደረጃ ያላሟላ ነባር ሠራተኛ ደረጃውን እንዲያሟላ የሦስት ዓመት ጊዜ ይሰጠዋል።»

ስድስት ወሩና ሦስት ዓመቱ ለድርድር የሚቀርቡ ቁጥሮች ናቸው፤ ቁጥር መኖሩ ግን ለድርድር መቅረብ የለበትም። ቁጥር የሌለው የመሸጋገሪያ አንቀጽ ማብቂያ የለውም። «ቋሚ» የምትለውን ቃልም ያስተውሏት። በኮንትራትና በቀን ሂሳብ ለዓመታት የሠሩ ሰዎች ካሉ ዕጣቸው በሌላ ንዑስ አንቀጽ መነገር አለበት፤ ካልተነገረ ኮንትራታቸው ኮሌጁ በተሻረበት ቀን አብሮ አበቃ ሊባል ይችላል።

ለመምህራኑ ጥያቄው ማዕረግ ነው። የኮሌጅ መምህር ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በየትኛው ይገባል? ተመራቂ ረዳት፣ ረዳት ሌክቸረር፣ ሌክቸረር? ሁለተኛ ዲግሪ ያለው መምህር ሌክቸረርነቱ ብዙ አያከራክርም። በመጀመሪያ ዲግሪ ሃያ ዓመት ያስተማረ መምህር ግን ትናንት ከተመረቀ ልጅ ጋር በአንድ ማዕረግ ቢጀምር ያማል፤ ያማል ብቻ ሳይሆን ልምድ ያለውን ሰው ከግቢው ያስወጣል። ማቋቋሚያ ደንቡ የማዕረግ ዝርዝር አይጽፍም፣ ለሴኔቱ ሕግ ይተወዋል። ስለዚህ የሚጠየቀው «የቀድሞ የማስተማር አገልግሎት በሴኔቱ መመሪያ መሠረት ይታሰባል» የሚል አንድ መስመር ነው።

ጡረታዎ አይቋረጥም። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 የሚመራ ሲሆን የክልልም የፌዴራልም ሠራተኛ በዚያው አንድ ሥርዓት ውስጥ ነው፤ 14 ዓመትዎ እንዳለ ይቆጠራል። አደጋው የሚመጣው ከሕጉ ሳይሆን ከአፈጻጸሙ ነው። ከደመወዝዎ 7 በመቶ እርስዎ፣ 11 በመቶ መሥሪያ ቤቱ በየወሩ ገቢ ያደርጋል። የደመወዝ መክፈያው ከክልል ወደ ፌዴራል ሲዞር አንድ ሁለት ወር መዋጮው ገቢ ሳይደረግ የሚታለፍበት ጊዜ አለ፤ ይህ የሚታወቀው ጡረታ ሲወጡ ነው፣ ያኔ ደግሞ ማስረጃ የሚሰጥ ኮሌጅ የለም። ስለዚህ ከርክክቡ በፊት የግል ማኅደርዎን አስወጥተው ያስቆጥሩ። የመጀመሪያ የቅጥር ደብዳቤ፣ የደረጃ ዕድገትና የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤዎች፣ የጡረታ መለያ ቁጥር፣ ከሁሉ በላይ መጀመሪያ ሲቀጠሩ የሞሉት የሕይወት ታሪክ ቅጽ። የልደት ዘመንዎ የሚታየው በዚያ ቅጽ ነው፤ በኋላ የመጣ የልደት ካርድ ከእሱ ጋር ቢጋጭ ብዙ ያንገላታል። የእያንዳንዱን ግልባጭ ማኅተም አስመትተው ቤትዎ ያስቀምጡ።

ከደመወዝ የሚቆረጡ ነገሮችም አሉ፦ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ የባንክ ብድር፣ በፍርድ ቤት የታዘዘ የልጅ ቀለብ፣ ለሌላ ሰው የገቡት የደመወዝ ዋስትና። አዲሱ የደመወዝ ክፍል የሚቆርጠው ደብዳቤ የደረሰውን ብቻ ነው። የቁጠባ ማኅበራችሁ ጸሐፊ የአባላቱን ዝርዝር ከነ ቀሪ ዕዳው በሁለት ኮፒ አዘጋጅቶ በርክክቡ ሰነድ ላይ አባሪ ካላደረገው ብድሩ ይንጠለጠላል፤ ዋሶቹም ይጨነቃሉ።

የክረምት ሰልጣኞች

በዚህ ላይ ትኩረትዎን ያጽኑ፤ ብዙ ረቂቅ የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። የመሸጋገሪያ አንቀጽ «ነባር ተማሪዎች በጀመሩት ፕሮግራም እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ያጠናቅቃሉ» ቢል ለመደበኛ ተማሪ ይበቃል። የክረምት ሰልጣኝ ግን በዓመት የሚማረው ሐምሌና ነሐሴን ነው፤ መደበኛው በሦስት ዓመት የሚጨርሰውን እሱ አራትና አምስት ክረምት ይፈጅበታል። ከደንብያ ወይም ከጭልጋ ገጠር መጥታ ሁለተኛ ክረምቷን የጀመረች መምህርት በሦስት ዓመት ገደብ ውስጥ ላትጨርስ ትችላለች። አንድ ክረምት በወሊድ ወይም በመንገድ መዘጋት ቢያመልጣት ደግሞ አንድ ዓመት ይጨመራል። ስለዚህ ገደቡ በዓመት ሳይሆን በፕሮግራሙ ዓይነት ይጻፍ፦ «መደበኛ፣ የማታና የክረምት ተማሪዎች በተቀበላቸው ሥርዓተ ትምህርት መሠረት የመጨረሻው ነባር ተማሪ እስኪጨርስ ይማራሉ፤ ትምህርታቸውን ያቋረጡም አንድ ጊዜ ተመልሰው የመግባት መብት አላቸው።»

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ይታሰብ። የዲፕሎማ ፕሮግራሙን ማን ይቀጥለዋል? የክልሉ ትምህርት ቢሮ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህር የሚያገኘው ከዚህ ኮሌጅ ከሆነ፣ ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ክልሉ ማሠልጠኛውን ያጣል። ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው ፕሮግራም በአብዛኛው የሚቀበለው በአገር አቀፍ ፈተና አልፎ በትምህርት ሚኒስቴር የተመደበ ተማሪ ነው፤ ቢሮው እንደ ድሮው በየዞኑ ኮታ አውጥቶ «እነዚህን አሠልጥንልኝ» ሊል አይችልም። ረቂቁ በዓላማው ወይም በሥልጣንና ተግባሩ ውስጥ «በስምምነት ለክልሉ መምህራን ያሠለጥናል» የሚል ነገር ከሌለው የሚጎዳው የጎንደር ገጠር ትምህርት ቤት ነው። የፊት ገጾቹን ጨርሰው አይዝለሏቸው የምለው ለዚህ ብቻ ነው። ከትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ደንብ የተቀዳ ዓላማ ሕክምናውንም ምህንድስናውንም ይዘረዝርና ኮሌጁ ለዘመናት የሠራውን ሥራ ይረሳዋል።

የምሩቃን ሰነድ

ከዚህ በፊት የተመረቀው ሰው ዲፕሎማ በኮሌጁ ስም ነው፤ እንደዚያው ይቆያል። «በዩኒቨርሲቲው ስም ይቀየርልን» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ እርግጠኛ ይሁኑ፤ መልሱ አይሆንም ነው። ሰነድ የሚመሰክረው በተሰጠበት ቀን የነበረውን እውነት ነው፤ በ2005 ዩኒቨርሲቲ ያልነበረ ተቋም በ2005 የዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማ ሊሰጥ አይችልም። ሬጅስትራሩ መስጠት ያለበት ኮሌጁ በዚህ ቁጥር ሕግ ወደ ዩኒቨርሲቲ ማደጉንና መዝገቡን ዩኒቨርሲቲው መረከቡን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ከኦፊሻል ትራንስክሪፕት ጋር ነው። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሰነዱን ሲያረጋግጥ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው።

በሽግግሩ ዓመት የሚመረቁት ግን ከባድ ናቸው። የተመዘገቡት በኮሌጅ፣ የሚመረቁት በዩኒቨርሲቲ ነው። በማን ስም? ሕጉ ካልተናገረ ሬጅስትራሩ በራሱ ይወስናል፣ የሚቀጥለው ሬጅስትራር ደግሞ ሌላ ይወስናል፤ በአንድ ባች ሁለት ዓይነት ሰነድ ይወጣል፣ ቀጣሪውም አንዱን ሐሰተኛ ነው ብሎ ይጠረጥራል። «ከ… ቀን በኋላ የሚመረቁ በዩኒቨርሲቲው ስም ይመረቃሉ፤ ትራንስክሪፕታቸው ላይ የመጀመሪያው ተቋም ስም ይገለጻል» የሚል መስመር ይህን ሁሉ ያስቀራል። በዲግሪ የሚመረቁ ካሉ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ ለፈተናው የሚመዘገቡበት የተቋም ስም ከሰነዱ ጋር አንድ መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

የቀድሞው ማኅተምም አለ። የኮሌጁ ክብ ማኅተም፣ የሬጅስትራሩ ማኅተም፣ የፋይናንስ ቲተር፣ ደረቅ ማኅተም ካለ እሱም፣ በቃለ ጉባኤ ተቆጥረው፣ አሻራቸው በወረቀት ላይ ተመትቶ፣ ከአገልግሎት የወጡበት ቀን ተጽፎ መመለስ አለባቸው። የአሻራው ወረቀት አይጣል። ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ቀጣሪ «ይህ ማኅተም የእናንተ ነበር ወይ?» ብሎ ሲጽፍ ማመሳከሪያው እሱ ብቻ ነው።

ግቢው

መሬት የማስተዳደር ሥልጣን የክልሎች ነው፣ ይህም በፌዴራል ሕግ መሠረት። ስለዚህ የፌዴራል ደንብ «የኮሌጁ ንብረት ተላልፏል» ቢልም የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው በራሱ አይዞርም፤ የከተማ አስተዳደሩ በዩኒቨርሲቲው ስም አዲስ ካርታ መስጠት አለበት። መጀመሪያ የሚጣራው ካርታው አሁን በማን ስም እንደሆነ ነው። በኮሌጁ ስም ነው? በትምህርት ቢሮ? ወይስ ጨርሶ ካርታ የለውም? በድሮ ዘመን በደብዳቤ የተሰጠ፣ አጥሩ ብቻ የሚመሰክርለት ግቢ ብዙ ነው። ካርታ ከሌለ ከርክክቡ በፊት ክልሉ አስለክቶ በኮሌጁ ስም ያውጣው፤ ከርክክብ በኋላ ለሌላ መንግሥት ተቋም አዲስ ካርታ ማውጣት ሌላ ረጅም ደጅ መጥናት ነው። ዋናው ግቢ አንድ ቦታ፣ የመምህራን መኖሪያው ሌላ ቀበሌ፣ የተግባር እርሻው አዘዞ በኩል የሆነ ኮሌጅ ደግሞ እያንዳንዱን ቁራሽ በካሬ ሜትርና በአዋሳኝ ዘርዝሮ አባሪ ማድረግ ይኖርበታል። ያልተዘረዘረው ቁራሽ ክልሉ ዘንድ ይቀራል፣ ወይም ማንም ዘንድ አይቀርም።

ማስፋፊያ የሚባለው ነገር ከተነሳ የአርሶ አደር መሬት መነካቱ አይቀርም። የካሳውና የመልሶ ማቋቋሙ ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 1161/2011ና በማሻሻያው የተደነገገ ነው፤ ማቋቋሚያ ሕጉ በዚህ ውስጥ መግባት የለበትም። ካሳው መቼና እንዴት እንደሚከፈል ግን በክልሉና በሚኒስቴሩ መካከል ከወዲሁ በጽሑፍ ካልተያዘ አርሶ አደሩ በሁለት መሥሪያ ቤት መካከል ይንከራተታል።

ውሎችና ክሶች

እዚህ ላይ ባጭሩ። በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ካለ ውሉ ላይ አሠሪ የተባለው ኮሌጁ ነው። ባንኩ ወይም ኢንሹራንሱ የሰጠው የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትናና የቅድሚያ ክፍያ ዋስትናም ተጠቃሚው ኮሌጁ ነው። ተቋራጩ ሥራውን ጥሎ ቢሄድና ዩኒቨርሲቲው ዋስትናውን ቢጠይቅ «እናንተን አናውቃችሁም» መባል ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከርክክቡ በፊት የእያንዳንዱ ዋስትና ማሻሻያ ደብዳቤ በአዲሱ ስም ይውጣ፣ የሚያበቃበትም ቀን ይታይ። የመኪኖች ሊብሬ፣ ታርጋና ኢንሹራንስ፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ውል፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር እንዲሁ ናቸው። በፍርድ ቤት ያሉ ክሶች በዝርዝር ተይዘው ለዩኒቨርሲቲው የሕግ ክፍል ከነ ቀጠሮ ቀናቸው ይተላለፉ። የፌዴራል ተቋም ተከራካሪ ሲሆን ጉዳዩ የፌዴራል ሥልጣን ነው፤ ቢሆንም የክልል ፍርድ ቤቶች በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 በውክልና ስለሚያዩት አብዛኛው ክርክር ከጎንደር አይወጣም።

አንድ ስህተት ላርምና ልቀጥል። «ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ራስ ገዝ ይሆናል፣ ደመወዙም ይጨምራል» የሚባለው ከሌላ ሕግ ጋር ተደባልቆ ነው። ራስ ገዝነት በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 የተደነገገ የተለየ ደረጃ ነው፤ የጀመረውም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። አዲስ የሚቋቋም ዩኒቨርሲቲ በማቋቋሚያ ደንቡ ብቻ ያንን አያገኝም።

ውይይቱ ላይ ምን ይዘው ይግቡ?

ለውይይት ሲጠሩ ረቂቁን ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚሄደውን ማብራሪያና የርክክብ አባሪዎቹን ይጠይቁ፦ የሠራተኛ ዝርዝር ከነ ደመወዙ፣ የተማሪ ዝርዝር ከነ ባቹና ፕሮግራሙ፣ የንብረትና የመሬት ዝርዝር፣ የዕዳና የውል ዝርዝር፣ የክስ ዝርዝር። አባሪ ገና አልተሠራም ከተባለ ረቂቁ ለውይይት አልደረሰም ማለት ነው፤ ይህንኑ ይናገሩ፣ ቃለ ጉባኤውም ላይ ይጻፍ።

አስተያየት በቃል ብቻ አይስጡ። አዳራሽ ውስጥ ማይክ ይዞ የተነገረ ነገር «ሠራተኛው ስጋቱን ገልጿል» ተብሎ በአንድ መስመር ይጠቃለላል። በአንቀጽ ቁጥር ይጻፉት፦ አንቀጽ ይህ፣ ንዑስ አንቀጽ ይህ፣ አሁን የሚለው ይህ፣ ሊል የሚገባው ይህ፣ ምክንያቱ ይህ። ለእያንዳንዱ አንቀጽ ከግማሽ ገጽ አይበልጥ። የሕግ አርቃቂ ሊያነበውና ሊገለብጠው የሚችለው ዝግጁ ዓረፍተ ነገርን ነው፤ «የሠራተኛው መብት ይከበር» የሚለውን ወዴት ያስገባዋል? ከላይ የጻፍኳቸውን ዓረፍተ ነገሮች እንዳሉ መውሰድ ይችላሉ። የሠራተኛ ተወካዮችና የመምህራን ማኅበሩ አንድ ላይ ፈርመው በኮሌጁ መዝገብ ቤት በኩል በወጪ ቁጥር ይላኩት፤ አንዱን ኮፒ ለክልሉ ትምህርት ቢሮ፣ ሌላውን ለትምህርት ሚኒስቴር የሕግ ክፍል። ቁጥሩና ቀኑ ያለበትን ቀሪ ኮፒ ይዘው ይቆዩ። ቀጣዩ ረቂቅ ሲመጣ ያቀረባችሁት አንቀጽ ገብቶ ወይም ወጥቶ እንደሆነ ከዚያ ኮፒ ጋር መስመር በመስመር ያነጻጽሩት።